መልስ፦ ቀስቴ ተጋድሞ ይበራል፣ የጥይቴም ምስሎች በአንዴ ይታያሉ

ወንድም፣ ሁለቱም የሚስተካከል ነው። ቴራሪያ የሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ላይ በኮድ የጨመርከው ቀስት ተጋድሞ የሚበረው ጫፉን ወደ ላይ አድርገህ ስለሳልከው ነው። ለጨዋታው ዜሮ ማዕዘን ማለት ወደ ቀኝ ነው። ስለዚህ ከፍጥነቱ አቅጣጫ ባገኘኸው ማዕዘን ላይ 90 ዲግሪ ጨምር። ታዲያ ኮዱ ላይ 90 ብለህ እንዳትጽፍ! ጨዋታው ማዕዘን የሚቆጥረው በዲግሪ ሳይሆን ራዲያን በሚባል መለኪያ ነው፤ የሚደመረው የፓይ ግማሽ፣ ማለትም 1.57 ገደማ ነው። እኔ እዚህች ጋ አንድ ሙሉ ማታ አቃጥያለሁ።

የጥይቱ አራት ምስሎች በአንዴ የሚታዩት ደግሞ የፍሬሙን (ተራ በተራ የሚታዩትን ምስሎች) ብዛት ለጨዋታው ስላላሳወቅክ ነው። ኮዱ ላይ 4 መሆኑን ንገረው። ምስሎቹ ከላይ ወደ ታች፣ በእኩል ቁመት ይደርደሩ። ፍሬሙን የሚቀያይር ቆጣሪም ጨምርበት፤ አለዚያ የመጀመሪያው ላይ ተገትሮ ይቀራል።