የአንባቢያን ጥያቄ፦ ያነበብሁት ለምን አይቆይም?

ጥያቄ፦ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪ ነኝ። ራሴን ለማሻሻል ስል ስለ ስኬት የተጻፉ መጻሕፍትን አዘውትሬ አነባለሁ፤ የመረጃ ትንተናም ጀምሬአለሁ። ነገር ግን ያነበብሁት ቶሎ ይጠፋብኛል፤ የምለማመድባቸው ቁጥሮችም የውጭ አገር በመሆናቸው ምንም አይነግሩኝም። ምን ይመክሩኛል?
የማራኪው አንባቢ፣ ከጎንደር

መልስ፦ ያነበቡትን የሚፈትኑበት የራስዎ መረጃ ስለሌለዎት ይመስለናል፤ ስለዚህ ከቅዳሜ ገበያ ይጀምሩ። በየሳምንቱ የነጭና የሰርገኛ ጤፍ፣ የሽንብራና የበርበሬ ዋጋ ከማይለዋወጡ ነጋዴዎች ጠይቀው ይመዝግቡ። ሥራው ቀላል ቢመስልም ጥያቄው ወዲያው ይከተላል፦ በጣሳ የተሸጠው ከኪሎው ጋር እንዴት ይነጻጸራል? የሚመዘገበው ነጋዴው የጠራው ዋጋ ነው ወይስ ገዢው ተከራክሮ የከፈለው? በነሐሴ የተወደደው እህል በጥር ቢረክስ ንረቱ ተገታ ማለት ነው ወይስ አዲስ ምርት ገበያ ገባ? የሸማቾች ዋጋ መለኪያ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ሁሉ እነዚህን መመለስ ስላለበት፣ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት የሚያወጣውን የዋጋ ንረት መግለጫ ከዚያ በኋላ ሲያነቡ ከቁጥሩ ጀርባ ያለው ሥራ ይታይዎታል። ንረቱ ከ20 በመቶ ወደ 10 በመቶ ወረደ ሲባል ዋጋ ረከሰ ብለውም አይሳሳቱም፤ 100 ብር የነበረ ዕቃ በመጀመሪያው ዓመት 120፣ በሁለተኛው 132 ብር ይገባል፤ የቀነሰው የጭማሪው ፍጥነት ብቻ ነው።

የስኬት መጻሕፍቱን ይተዉ አንልም፤ ሆኖም ብዙዎቹ የተሳካላቸውን ሰዎች ብቻ ሰብስበው፣ በዚያው መንገድ ሄደው የከሰሩትን ሳይቆጥሩ ስለሚደመድሙ፣ እንደ ኢኮኖሚክስ ተማሪ ናሙናው ማንን አስቀረ ብለው ይጠይቁ። (ይህን ጥያቄ ተቋቁሞ የሚዘልቀው ምዕራፍ ጥቂት ነው።) ከእነርሱ ጎን በ1916 ዓ.ም. የታተመውን የነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በዝግታ እንዲያነቡ እንመክራለን። ጥሬ ዕቃ ሸጦ የተሠራ ዕቃ የሚገዛ አገር በንግዱ ለምን እንደሚጎዳ የጻፈውን፣ ከመተማ ወጥቶ በአመዛኙ ሳይጨመቅ ወደ ውጭ ከሚላከው ሰሊጥ ጋር ቢያገናዝቡት፣ ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚሆን ርዕስ ከዚያ አይታጣም።

ለመረጃ ትንተናው የሚሆነውን የኮምፒውተር ፕሮግራም በተመለከተ ለጊዜው ኤክሴል ይበቃዎታል፤ ኢኮኖሜትሪክስ (የኢኮኖሚ መረጃን በስታቲስቲክስ የመተንተን ትምህርት) ሲጀምሩ ስታታ ወይም አር ወደሚባሉት የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች ይሻገራሉ።