መንግሥት «ቀረበ» ወይስ «ቀረበች»?

ጥያቄ፦ ለሰንበት ትምህርት ቤታችን ባነር ልናሠራ «የእግዚአብሔር መንግሥት ቀርባለች» ብለን ጽፈን ደሴ ፒያሳ ላለ ማስታወቂያ ሥራ ቤት ሰጠን። የሚያትመው ልጅ «መንግሥት ወንድ ነው፤ ዜና ላይ ‹መንግሥት አስታወቀች› ሲባል ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?» ብሎ «ቀርቧል» አደረገው። «ሥ»ንም በ«ስ» ለወጠው። ከእኛው መካከል ደግሞ «መንግሥተ ሰማያት» ቢባል ይሻላል የሚሉ አሉ። ከሥሩ «የንጉሠ ነገሥታት ንጉሥ» የሚል አክለናል። የቱ ነው ትክክል? ሌላም አለ፤ ልጆቹ «‹እግዚአብሔር ነገሠ› ሲባል መቼ ነው የነገሠው? ከዚያ በፊትስ?» ብለው ጠይቀውን መልስ አጣን። — ከደሴ

መልስ፦ እህታችን፣ ባነሩ «ቀርባለች» ተብሎ ይታተም። ልጁን ግን አይቆጡት። የጠየቀው ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ማስረጃውን ያመጣው ከሌላ ቤት መሆኑ ነው ያሳሳተው።

«መንግሥት» የግእዝ ቃል ነው። ነግሠ (በአማርኛ ነገሠ) ከሚለው ግሥ ፊቱ ላይ መ፣ መጨረሻው ላይ ት ተጨምሮ የወጣ ስም ነው፤ ለአከ ከሚለው መልእክት እንደ ወጣው ማለት ነው። ይህች የመጨረሻዋ ት ከሥሩ አይደለችም። «ቤት» እና «ሞት» ላይ ያለችው ት የሥር ፊደል ናት፤ «መንግሥት» ላይ ያለችው ግን ቅጥያ ናት፤ በግእዝ እንዲህ ያሉ ስሞችን ብዙ ጊዜ ወደ አንስታይ ጾታ የምትስብ እሷ ናት። በየዕለቱ የምንደግመው ጸሎት ይህን ይዟል፦ «ትምጻእ መንግሥትከ» ይላል፤ «ይምጻእ» አይልም። መጨረሻው ላይም «እስመ ዚአከ ይእቲ መንግሥት» ይላል። ይእቲ «እርሷ» ነው። አማርኛውም ተከትሎ «መንግሥትህ ትምጣ» እና «መንግሥት ያንተ ናትና» አለ። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም በማርቆስ 1፥15 «የእግዚአብሔርም መንግሥት ቀርባለች»፣ በዮሐንስ 18፥36 «መንግሥቴ ከዚህ ዓለም አይደለችም» እያለ ይሄዳል።

እዚህ ላይ «ታዲያ አማርኛው ግእዙን ገልብጦ ነዋ» የሚል አይጠፋም። ነገሩ እንዲህ ቢሆን ቀላል ነበር። ቀጥሎ ያለችውን ሐረግ ይዩ፦ ግእዙ «ወይኩን ፈቃድከ» ሲል ፈቃድን በወንድ ነው የጠራው። አማርኛው ግን «ፈቃድህ በሰማይ እንደ ሆነች እንዲሁ በምድር ትሁን» አለ። ማለትም ግእዙ ያላዘዘውን የሴት ጾታ አማርኛው ራሱ ጨመረ። አማርኛ ሕይወት በሌለው ስም ላይ ጾታን የሚሰጠው በመልኩ ብቻ አይደለም፤ በአክብሮትም፣ በፍቅርም፣ በቅርበትም ነው። አገር፣ ፀሐይ፣ ቤተ ክርስቲያን «እሷ» የሚባሉት ለዚህ ነው። የጸሎቱ አማርኛ ጆሮ ከ«ትምጣ» በኋላ «ይሁን» ማለትን ጠልቶት ይመስለኛል።

በተቃራኒው ደግሞ ልጁን የሚያግዝ ማስረጃም አለ። በጸሎተ ሃይማኖት «ለመንግሥቱም ፍጻሜ የለውም» እንላለን፤ «የላትም» አንልም። ስለዚህ «መጽሐፍ ሁልጊዜ ሴት ያደርጋታል» ብሎ መሐላ ውስጥ መግባት አያስፈልግም። በግእዝም ቢሆን ሰው ያልሆነ ነገር ጾታው ልል ነው።

የዜናው «መንግሥት አስታወቀ» ሌላ ነው። ቃሉ በግእዝ ሦስት ነገር ይሸከም ነበር፦ መንገሥን (ድርጊቱን)፣ የንግሡን ዘመን፣ የተገዛውን አገር። የዛሬው አማርኛ አራተኛ ጨመረበት፤ ቢሮ፣ ሠራተኛና በጀት ያለውን አስተዳደር። ይህ አራተኛው እንደ አንድ ሰው ይናገራል፣ ይወስናል፣ ያስታውቃል፤ ስለዚህ በወንድ ይጠራል። በማርቆስ 1፥15 ላይ ያለው ከሦስቱ የመጀመሪያው ነው። ቀረበ የተባለው ከደጅ የቆመ አስተዳደር ሳይሆን የእግዚአብሔር መንገሥ ነው። «ቀርቧል» ብሎ ባነር ላይ መስቀል ሰዋስውን አያፈርስም፤ መንገደኛው ግን በዜና ጆሮ ያነበዋል።

ዋናው ስሕተት የሚመጣው ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ሲያጋቡ ነው፤ «መንግሥቱ ቀርባለች፤ ለዘለዓለምም ይኖራል» ዓይነት። በሴት ከጀመሩ ግሡን፣ ተውላጠ ስሙንና ቅጽሉን እስከ መጨረሻው በሴት ይጨርሱ። «መንግሥቱ» የምትለዋንም ይጠንቀቁ። «የእርሱ መንግሥት» ልትሆን ትችላለች፤ «ያ የምናውቀው መንግሥት»ም ልትሆን ትችላለች፤ የሰው ስምም ናት። ጾታው በሴት ሲሆን ይህ ብዥታ ወዲያው ይጠራል፦ «መንግሥቱ ትስፋ» ሲባል ማንም ስለ አስተዳደር አያስብም።

«መንግሥተ ሰማያት» ቢባልስ? ይሄም ልክ ነው፤ ግን ጥቅሱን አብረው ይለውጡ። በአዲስ ኪዳን ውስጥ ይህን አጠራር የሚጠቀም ማቴዎስ ብቻ ነው፤ ማርቆስና ሉቃስ «የእግዚአብሔር መንግሥት» ይላሉ። ስለዚህ «መንግሥተ ሰማያት ቀርባለች» ብለው ከሥሩ «ማር. 1፥15» ቢጽፉ ስሕተት ነው፤ ማቴ. 3፥2 ወይም 4፥17 ይሁን። ማቴዎስ «ሰማያት» ያለው የአይሁድን ልማድ ተከትሎ የእግዚአብሔርን ስም ደጋግሞ ላለመጥራት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። እንዲህ ቢባልም ራሱ ማቴዎስ በ12፥28 እና በ21፥43 «የእግዚአብሔር መንግሥት» ይላል፤ ፍጹም ሕግ አላደረገውም። የኔ ምርጫ የመጀመሪያው ጽሑፋችሁ ነው፤ ምክንያቱም በአማርኛ «መንግሥተ ሰማያት» ከለቅሶ ቤት ጋር ተቆራኝቷል። «መንግሥተ ሰማያትን ያውርስልን» ሲባል የምንሰማው ከሞት በኋላ የሚገቡበትን ቦታ ነው። «ቀርባለች» ሲባልማ መንገደኛው ምን ይሰማው ይሆን! አጻጻፉን በተመለከተ ተ ላይ አትሳሳቱ፤ «መንግሥት ሰማያት» ወይም «የመንግሥት ሰማያት» አይባልም። ተ ራሷ የ«የ»ን ሥራ ሠርታለች። «የመንግሥተ ሰማያት ልጆች» ሲባል ግን «የ» የገባችው ለ«ልጆች» ስለ ሆነ ትክክል ናት።

«ሥ» ይመለስ። ለዚህ እንኳ የፊደል ገበታው ራሱ መልስ አለው፤ የቆሎ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃት ናት። ሠ «ንጉሡ ሠ» ትባላለች፤ ሰ ደግሞ «እሳቱ ሰ»። ንጉሥ፣ ነገሠ፣ መንግሥት፣ ሥልጣን በንጉሡ ይጻፋሉ። ዛሬ ድምፃቸው አንድ ስለ ሆነ «መንግስት» ብሎ የጻፈ ሰው አይነቀፍም፤ ጋዜጣውም መሥሪያ ቤቱም እንዲያ ይጽፋል። የመጽሐፍ ጥቅስ ሲሆን ግን እንደ ተጻፈው ይገልበጥ። አንድ ተግባራዊ ምክንያትም አለ፦ ለኮምፒውተር «ሥ» እና «ስ» ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ፊደላቱን አቻ አድርጎ ባልተሠራ የስልክ መጽሐፍ ቅዱስ ላይ «መንግስት» ብለው ቢፈልጉ «አልተገኘም» ይላል፤ ሰውየውም ጥቅሱ የሌለ ይመስለዋል። «እግዚአብሔር» የሚለውም በሐመሩ ሔ ነው። ቃሉ እግዚእ (ጌታ) እና ብሔር (አገር፣ ምድር) ተናብበው፣ ማለትም ያለ «የ» ተያይዘው፣ የሆነ ነው፤ የምድር ጌታ ማለት ነው። የዛሬውን «ብሔር ብሔረሰብ» አያስታውሳችሁ። ባነሩ ጠቦ መስመር ቢሰበር «እግዚአ» ከላይ፣ «ብሔር» ከታች እንዳይቀር ለልጁ ይንገሩት፤ ፊደሉን ያሳንሰው እንጂ ቃሉን አይቁረጠው።

«የንጉሠ ነገሥታት ንጉሥ» ግን መታረም አለበት። ንጉሥ ሲናበብ ንጉሠ ይሆናል፤ ነገሥት የንጉሥ ብዙ ቁጥር ነው። ስለዚህ «ንጉሠ ነገሥት» ራሱ «የነገሥታት ንጉሥ» ነው። እናንተ የጻፋችሁት «የነገሥታት ንጉሦች ንጉሥ» ይሆናል፤ አንድ ፎቅ ተጨመረበት። ወይ «ንጉሠ ነገሥት» ወይ «የነገሥታት ንጉሥ» በሉ። («ነገሥታት» በብዙ ላይ ብዙ ነው፤ ግን የቆየና የተለመደ ስለ ሆነ ተዉት።) በራእይ 19፥16 ግእዙ «ንጉሠ ነገሥት ወእግዚአ አጋእዝት» ይለዋል፤ አጋእዝት የእግዚእ ብዙ ነው።

ይህ አጠራር በመጽሐፍ ለእግዚአብሔር ብቻ የተሰጠ አይደለም። በዳንኤል 2፥37 ናቡከደነፆር፣ በዕዝራ 7፥12 የፋርሱ አርጤክስስ በዚሁ ስም ተጠርተዋል። ራእይ የምድር ነገሥታት የሚኮሩበትን ማዕርግ ወስዶ ለክርስቶስ መስጠቱ ነው ክብደቱ። ደሴ ላለ ሰው ይህን ማስረዳት አይከብድም። አይጠየፍ የተባለውን አዳራሽ ያሠሩት የወሎው ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. እዚሁ ከተማ «ንጉሥ» ተብለው ዘውድ ሲጭኑ ከበላያቸው የንጉሠ ነገሥቱ ዙፋን ነበረ፤ በዚያ ላይ የተቀመጡት ደግሞ ዘውድ ያልጫኑት ልጃቸው ልጅ ኢያሱ ነበሩ። «ንጉሥ» ብቻውን የበላይ ሊኖረው የሚችል ማዕርግ ነበር ማለት ነው።

የልጆቹ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥብኛል። «እግዚአብሔር ነገሠ፥ ክብርንም ለበሰ» የሚለው በግእዙ ዳዊት መዝሙር 92 ነው፤ የዕብራይስጡን ቁጥር በሚከተሉ መጻሕፍት 93 ነው። (ግእዙ የሰብዓ ሊቃናትን፣ ማለትም የጥንቱን የግሪክ ትርጉም፣ ተከትሎ 9ኛውንና 10ኛውን መዝሙር አንድ ስለሚያደርግ ነው ቁጥሩ በአንድ የሚያንሰው፤ ጥቅስ ስታስጠኑ ልጆቹ እንዳይጣሉበት።) ግእዙ «እግዚአብሔር ነግሠ» ነው፤ ያለፈ ጊዜ። የዕብራይስጡም ግሥ ያለፈ መልክ ስላለው «ነገሠ» ነው ወይስ «ንጉሥ ነው» በሚለው ላይ ሊቃውንት ብዙ ተከራክረዋል።

አማርኛ ግን ለዚህ የራሱ መንገድ አለው። «ራበኝ» ስንል የተራብነው ትናንት ነው? «መሸ»፣ «ነጋ»፣ «ደከመኝ»፣ «ገባኝ» ሁሉም በመልካቸው ያለፈ ጊዜ ናቸው፤ የሚናገሩት ግን አሁን ስላለው ሁኔታ ነው። «ነገሠ»ም ያለ ቀን ሲነገር እንዲሁ ሊሰማ ይችላል፦ ነግሦ አለ። ቀን ሲጨመርበት ግን ትርጉሙ ይቆለፋል። «ሚካኤል በ1906 ዓ.ም. ነገሡ» ሲባል መነሻ አለው፤ መነሻ ያለው ደግሞ መጨረሻ ይኖረዋል፤ ንግሣቸውም በ1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት አበቃ። መዝሙሩ ቀን አልጨመረም። እንዲያውም በቁጥር 2 «ዙፋንህ ከጥንት ጀምሮ የተዘጋጀ ነው፥ አንተም ከዘላለም ጀምሮ ነህ» የሚል ሐሳብ ይከተለዋል። ስለዚህ ልጆቹ «መቼ?» ሲሉ «መሸ» ሲባል የምትሰሙትን ዓይነት «ነገሠ» ስሙት ይበሏቸው። «ነግሧል» ብሎ ማሻሻል ይቻላል፤ የመዝሙሩን እምቢልታ ግን ይቀንስበታል።

ልጆቹ ከወደዱት አንድ ነገር ያክሉላቸው። «አምላክ» የሚለው ቃል ውስጥም ንግሥና አለ። ሥሩ መለከ ነው፤ ያዘ፣ ገዛ ማለት ነው። የዕብራይስጡ «ሜሌክ» (ንጉሥ) እና የዐረብኛው «ማሊክ» ዘመዶቹ ናቸው፤ የሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ ልጆች በየሶላቱ «ማሊኪ የውሚዲን» ሲሉ ይህንኑ ሥር ነው የሚጠሩት። መልከ ጼዴቅም ከዚሁ ነው፤ ዕብራውያን 7፥2 ራሱ «የጽድቅ ንጉሥ» ብሎ ተርጉሞታል፤ ከፊት «መልክ» ጋር አይገናኝም። «መልአክ» ግን እዚህ ቤተሰብ ውስጥ የለም፤ ከለአከ፣ ከመላክ የመጣ ነው። «ነጃሺ» ደግሞ ከነገሠ ቤተሰብ ነው፤ በዐረብኛ አፍ የተጠራ የኛው «ነጋሢ» ነው።

ባነሩ ላይ ሁለት መስመር ይበቃል፦ ከላይ በትልቁ «የእግዚአብሔር መንግሥት ቀርባለች»፣ ከሥሩ አነስ ብሎ «ማር. 1፥15»። «ንጉሠ ነገሥት» የሚለውን ለሌላ ባነር ያቆዩት፤ ሁለቱ አንድ ላይ ከታጨቁ ከመኪና ላይ የሚያነብ የለም። ልጁ ከማተሙ በፊት በወረቀት አውጥቶ ያሳያችሁ፤ «ሥ» እና «ሔ» ላይ ጣታችሁን አድርጋችሁ ፈርሙበት።