ጥያቄና መልስ፦ ተማሪዎቼን ለናይሮቢ የጥናት ጉዞ እንዴት ላዘጋጅ?

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ከሦስት ወር በኋላ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎችን ይዤ ስለ ቡና ለማጥናት ወደ ናይሮቢ እሄዳለሁ። ርእሰ መምህሩ ስለ ሰነድ፣ ወላጆች ስለ ደኅንነት ይጠይቁኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ልጆቹ ፎቶ ተነሥተው ብቻ እንዳይመለሱ ነው። ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ውድ መምህር፣ ስጋትዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሰነዱ ጊዜ ስለሚወስድ በዚሁ ሳምንት ይጀምሩት። በእናንተ አካባቢ በተለይ የስም አጻጻፍ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጫልቱ የምትባል ተማሪ በልደት ምስክር ወረቀቷ ላይ ስሟ በቁቤ ሲጻፍ በ«ሲ»፣ በትምህርት ማስረጃዋ ላይ በእንግሊዝኛ ልማድ ሲጻፍ በ«ሲኤች» ሊጀምር ይችላል፤ ለእኛ አንድ ስም የሆነው ለድንበር ሠራተኛ የሁለት ሰው ስም ሊመስለው ይችላል። ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የተመለሰው የልደት ቀንም በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ ይሁን። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት። የወላጆች የፈቃድ ደብዳቤም አይዘንጋ።

ወደ ዋናው ጉዳይ ስንመጣ፣ ልጆቹ ከጅማ ጥያቄ ይዘው እንዲሄዱ ያድርጉ። ሲቢዲ የሚባለው የቡና ፍሬ በሽታ ለመጀመሪያ ጊዜ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1922 በኬንያ ሲሆን፣ በኢትዮጵያ የታየው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። መፍትሔው የተፈለገው ደግሞ በደጃችሁ፣ በመልኮ በሚገኘው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከል ነበር። 74110 እና 74112 የተባሉት ዝርያዎች በሽታውን ከሚቋቋሙ የአገራችን የቡና ዛፎች የተመረጡ ናቸው፤ በመጀመሪያቸው ያለው 74 የተመረጡበትን ዓመት፣ እ.ኤ.አ. 1974ን፣ ያመለክታል። ኬንያውያን ግን በሽታውን ለመቋቋም የተለያዩ ዝርያዎችን አዳቅለው «ሩይሩ 11»ን አወጡ። እኛ ከነባሩ ቡናችን መርጠን ያገኘነውን እነርሱ ስለ ምን በማዳቀል ፈለጉት? ተማሪው ይህን ጥያቄ ይዞ ከናይሮቢ ብዙም በማትርቀው በሩይሩ ከተማ ያለውን የቡና ምርምር ተቋም ቢጎበኝ፣ አስጎብኚው የሚናገረውን ከመስማት አልፎ ይጠይቃል፣ ይከራከራል። ስለዚህ ጉብኝቱን በደብዳቤ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ከመነሣታችሁም በፊት ልጆቹን መልኮ ይውሰዷቸው፤ ማና ወይም ጎማ ወረዳም ወጥተው የታመመና ጤነኛ ፍሬ አጠገብ ለአጠገብ እያዩ በደብተራቸው ይሣሉ። እኔ በበኩሌ፣ በራሱ አገር ማሳ ላይ ቆሞ ያልመዘገበ ተማሪ በሰው አገር ማሳ ላይ ብዙ ያያል ብዬ አላምንም።

ለወላጆች የሚነግሯቸው ነገር ብዙ አይደለም፤ ያለው ግን ቀላል አይምሰልዎ። በኬንያ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ስለሆነ፣ መንገድ ሲሻገሩ መጀመሪያ ወደ ቀኝ መመልከትን እዚሁ እያሉ ያለማምዷቸው። ስዋሂሊ ተናጋሪዎች እንደ እኛ ሰዓትን ከንጋት ይቆጥራሉ፤ በእንግሊዝኛ ሲነጋገሩ ግን የፈረንጁን አቆጣጠር ይጠቀማሉ፤ ቀጠሮ ሲያዝ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑን አጣርተው ይጻፉ። የፕላስቲክ ከረጢት እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የተከለከለ በመሆኑ ዕቃቸውን በጨርቅ ቦርሳ ይያዙ። የእርስዎን ስልክና የማረፊያውን አድራሻም እያንዳንዱ ልጅ በወረቀት ጽፎ ኪሱ ውስጥ ይያዝ፤ የስልክ ባትሪ ሊያልቅ ይችላልና።