ዶሮ 12 ብልት፣ ነርቭም 12፦ የፈተና ሰሞን ጥያቄዎቻችሁ

ሰሞኑን የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ሁሉ ስለ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ፣ ማለትም ስለ ሰውነት ክፍሎችና ስለ ሥራቸው ናቸው። ፈተና ደረሰ ማለት ነው። የድሬ ሙቀትም በዚህ ላይ ተጨምሮ ደብተር አያስከፍትም። ከመጡት ውስጥ ብዙዎቻችሁ የተመሳሰላችሁባቸውን አሳጥሬ አቅርቤያለሁ።

"206 አጥንት ሸምድጄ አድራለሁ፣ ጠዋት ግማሹ የለም። ምን ይሻለኛል?" (የነርሲንግ ተማሪ፣ ከሳቢያን)

206 የሚለው ቁጥር አያስደንግጥሽ እህቴ። 126ቱ የእጅና የእግር ናቸው፣ ከነትከሻውና ከነዳሌው። እነሱ ደግሞ ቀኝና ግራ ስለሆኑ የምታጠኚው ግማሹን ብቻ ነው። ከዚያም ውስጥ የጣቶቹ ስም እየተደጋገመ ነው የሚሄደው።

አሁን ስላይድ ላይ ማፍጠጡን ተዪው። አጥንት የሚጠናው በእጅ ነው። የራስሽን ቅልጥም ከጉልበት በታች እየዳሰስሽ ቲቢያ በይ፣ ውጪ በኩል ያለችው ቀጭኗ ፊቡላ ናት። ቁርጭምጭሚትሽ ላይ በውጪ በኩል ያበጠችው ጉብታ የፊቡላ ጫፍ ናት፣ በውስጥ በኩል ያለችው ደግሞ የቲቢያ። ይህን አንዴ በጣትሽ ካገኘሽው ስላይዱ ቢጠፋም እግርሽ አይጠፋም። እናቶቻችን ዶሮን 12 ብልት የሚያወጡት እኮ ወረቀት አንብበው አይደለም፣ እጃቸው መገጣጠሚያውን ስለሚያውቀው ነው።

ከዚያ ባዶ ወረቀት አውጥተሽ ሳታዪ ሳዪ። ስሙን ጻፊ፣ ከደብተርሽ ጋር አስተያዪ፣ የጠፋብሽን ብቻ በማግስቱ ድገሚው፣ ከሦስት ቀን በኋላም እንደገና። ማንበብ የምታውቂ ያስመስልሻል፣ የማታውቂውን የሚያሳይሽ ባዶ ወረቀት ነው።

የአከርካሪን ነገር ደግሞ በነጻ ልስጥሽ፦ አንገት 7፣ ደረት 12፣ ወገብ 5። ፈረንጆች በቁርስ፣ በምሳና በራት ሰዓት ነው የሚያስታውሱት፣ በእኛ ሰዓት ግን አይሠራም። እኔ እንዲህ ነው የያዝኩት፦ 7 ሰዓት ምሳ፣ 12 ሰዓት ፀሐይ ትገባለች፣ 5 ሰዓት እንቅልፍ። (አዎ፣ በፈተና ሰሞንም 5 ሰዓት።)

"12ቱ ክሬኒያል ነርቮች (ከአንጎል በቀጥታ የሚወጡት) በእንግሊዝኛው የማስታወሻ ግጥም ሊገቡልኝ አልቻሉም።" (ከሐረር፣ ጀጎል)

አቦ፣ ግጥሙን ተወው! ሐረር ተቀምጠህ ቡና እያለልህ ምን በወጣህ።

ቡናው ሲቆላ ሸተተህ፣ አንደኛው ኦልፋክቶሪ ነው። ጀበናውን አየህ፣ ሁለተኛው ኦፕቲክ። ስኒዋ ስትዞር ዓይንህ ተከተላት፣ እዚህ ላይ ሦስተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ይተባበራሉ፦ ኦኩሎሞተር፣ ትሮክሊያር፣ አብዱሰንስ። እንፋሎቱ ፊትህን ሲነካህ ተሰማህ፣ ፈንዲሻም አላመጥክ፣ ሁለቱም የአምስተኛው የትራይጀሚናል ሥራ ናቸው። ጎረቤት ቀለደችና ፈገግ አልክ፣ ሰባተኛው ፌሻል። ወሬውን ሰማህ፣ ዱካዋም ላይ ሚዛንህን ጠብቀህ ተቀመጥክ፣ ስምንተኛው ቬስቲቡሎኮክሊያር። ቡናው ጉሮሮህ ደረሰ፣ ዘጠነኛው ግሎሶፋሪንጂያል። ሆድህ ገባ፣ አሥረኛው ቬገስ፣ እሱ ልብንም የሚያረጋጋው ነው። "ፈተና እንዴት ነው?" ተባልክና ትከሻህን ከፍ ዝቅ አደረግክ፣ አሥራ አንደኛው አክሰሰሪ። በመጨረሻም ምላስህ ተፈታ፣ ሃይፖግሎሳል።

ቶና ላይ ከጠፋብህ በረካ አለ። አንዱን ብቻ አስተውል፦ ጣዕምን ለአንድ ነርቭ ብቻ እንዳትሰጥ። የምላስ የፊተኛውን ሁለት ሦስተኛ ፌሻል፣ የኋለኛውን አንድ ሦስተኛ ግሎሶፋሪንጂያል ነው የሚይዘው። ይህቺን ፈታኞች ይወዷታል።

"የላቦራቶሪ ፈተና ላይ የሥዕሉ ቀኝና ግራ ይምታታብኛል።"

ቀኝ የሚባለው የሰውየው ቀኝ ነው፣ ያንተ አይደለም። ሥዕሉ ፊት ለፊትህ ቆሞ ሰላም ሊልህ እጁን የዘረጋ ሰው ነው ብለህ አስበው። እኔ ተማሪ ሳለሁ ለዚህ ሳልጠነቀቅ የአንድ ጠረጴዛ ጥያቄዎችን በሙሉ ቀኝና ግራውን ገልብጬ መልሼ፣ መምህሩ ወረቀቴን በሁለት ጣት ይዘው ሲስቁ አይቻቸዋለሁ።

"በርጫ ላይ ሳጠና ሁሉም ይገባኛል። ፈተና ላይ ግን ባዶ ነኝ።" (የፋርማሲ ተማሪ)

መልሱን ራስህ ሰጥተኸዋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ መድኃኒት ጋር የሚቀራረብ ነገር ነው። ልብህን ያስሮጣል፣ የደም ግፊትህን ከፍ ያደርጋል፣ ያነቃሃል፣ በምርቃናም ሁሉም ነገር የገባህ ይመስልሃል። ችግሩ ሌሊት ነው፣ እንቅልፍ ይነሳሃል። ቀን ያጠናኸውን አእምሮህ የሚያደላድለው ደግሞ ተኝተህ ነው። ስለዚህ በአንድ በኩል ትሞላለህ፣ በሌላ በኩል ታፈሳለህ። አትቃም ብዬ ልሰብክህ አይደለም፣ ድሬ ላይ ማን ይሰማኛል። ግን የፈተናውን ሳምንት ተወው። ንጋት 11 ሰዓት ተነሳ፣ አየሩም ቀዝቃዛ ነው። ምርቃናህንም ለሲምፓቴቲክ ነርቭ (ልብን የሚያስሮጠው፣ ሰውነትን የሚያነቃው) ጥያቄ ምሳሌ አድርገው፣ ቢያንስ እዚያ ይጥቀምህ።

"ፊዚዮሎጂ ላይ 'ለምን' የሚል ጥያቄ ሲመጣ እጠፋለሁ። በተለይ ኩላሊት።"

ፊዚዮሎጂን እንደ አጥንት ስም ስለሸመደድሽው ነው። አናቶሚ "የት" ነው፣ ፊዚዮሎጂ "ከዚያስ?" ነው።

በቀትር ከከዚራ እስከ መጋላ በእግርሽ ሄድሽ እንበል። አላበሽ። ከዚያስ? በደምሽ ያለው ውሃ ቀነሰ፣ ጨው በረታ። ከዚያስ? አንጎልሽ ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ ይህን አወቀና ውሃ አስጠማሽ፣ ከሥሩ ካለችው ከፒቱታሪ ዕጢም ኤዲኤች የሚባለው ሆርሞን ተለቀቀ። ከዚያስ? ኤዲኤች ኩላሊት ደርሶ የኮሌክቲንግ ዳክትን (የሽንት መሰብሰቢያ ቱቦውን) ግድግዳ ለውሃ ከፈተው፣ ውሃው ወደ ደም ተመለሰ። ሽንትሽ ጥቂትና ጠቆር ያለ ሆነ። ይኸው ነው። ኩላሊቶችሽ በቀን ወደ 180 ሊትር ያጣራሉ፣ በሽንት የሚወጣው ግን ከ1 እስከ 2 ሊትር ነው፣ ሌላው ይመለሳል። እያንዳንዱን ቀስት በራስሽ ቃል ማስረዳት ከቻልሽ "ለምን" አያስፈራሽም።

"ልጄ የጤና ተማሪ ናት። እኔ ከስምንተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት፣ በምን ልርዳት?" (እናት፣ ከድሬዳዋ)

እማማ፣ ከእኔ በላይ ሊረዷት ይችላሉ። ሽንኩርት እየከተፉ "ደም እንዴት እንደሚዞር እስቲ ንገሪኝ" ይበሏት፣ በአማርኛ። ከሰውነት የመጣው ደም በልብ ቀኝ በኩል ይገባል፣ ወደ ሳንባ ይሄዳል፣ ኦክስጅን ይዞ በግራ በኩል ይመለሳል፣ ከዚያ አኦርታ በሚባለው ትልቁ የደም ሥር ለመላው ሰውነት ይረጫል። እርስዎ "ከዚያ ወዴት ሄደ?" ብቻ ይበሉ። የምትደናቀፍበት ቦታ ላይ ያልገባት ነገር አለ፣ ደብተሯን እዚያ ጋ ትክፈት።

ከሥጋ ቤት አንድ የበግ ልብ ቢገዙላትማ ጥሩ ነው፣ እንደ ሰው ልብ አራት ክፍል አለው። በቢላዋ ከፍታ ግራና ቀኙን ትንካው። የግራው ግድግዳ በደንብ ይወፍራል። ለምን እንደሆነ ትንገርዎት፦ ቀኙ የሚገፋው ጎረቤቱ ላለው ሳንባ ነው፣ ግራው ግን እስከ እግር ጣት ድረስ ነው። ስትጨርስ ልቡ አይጣልም፣ በሽንኩርትና በቃሪያ ይጠበሳል።