«ስፌት፣ ትልቅ፣ 1»

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ ከድሬዳዋ ደወለችልኝ። አያቷ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። የእሳቸውን ፋኖስና የቲኬት መብሻ ይዛ፣ የከዚራ ጎረቤቶቿንም ዕቃ ለምና ትንሽ ሙዚየም ልትከፍት አስባለች። «ጋሼ፣ የመስታወት ሣጥን ስንት ያወጣል?» አለችኝ። እኔ ግን ሐሳቤ ሐረር ሄደ።

ወጣት የታሪክ አስተማሪ ሳለሁ ጀጎል ውስጥ ቅርስ ለሚሰበሰብበት አንድ ቤት መዝገብ እጽፍ ነበር። አንድ ከሰዓት፣ ለበርጫ ቸኩዬ ልወጣ ስል፣ አንዲት እናት ትልቅ የሣር ስፌት በነጠላ ጠቅልለው መጡ። ቁጭ አሉና ጠርዙን በጣታቸው እየዳሰሱ ማውራት ጀመሩ። እህታቸው ጀምራው ታመመች። እዚህ ጋ ቀዩ አለቀ፣ ከዚህ ወዲያ ያለው የእሳቸው እጅ ነው። «እሺ እማማ፣ እሺ» እላለሁ፤ ዓይኔ ሰዓቴ ላይ ነው። መዝገቡ ላይ «ስፌት፣ ትልቅ፣ 1» ብዬ ወጣሁ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

ከዓመታት በኋላ ልጃቸው መጣች። እናቷ አርፈዋል። «የእናቴን ስፌት አሳየኝ» አለች። ግድግዳው በስፌት ተሞልቷል። አንድ በአንድ አወረድኩ። ቀዩ መሃል ላይ የሚቀየርበት ሦስት ተገኘ። አንዱን አነሳችና አሸተተችው። መልሳ ሰቀለችው። ሻይ ብላት እንቢ ብላ ሄደች።

ሐረር ላይ የግል ሙዚየም ያቋቋሙት አብዱላሂ ሸሪፍም የጀመሩት በገዛ ቤታቸው ነው። ዕቃው ሲበዛ ነው የራስ ተፈሪ ቤት ወደሚባለው የተዛወረው። ከብራናውና ከሳንቲሙ ጋር የድሮ ዘፈን የተቀዳበት ካሴትም ሰብስበዋል። ድምፅም ቅርስ መሆኑ ገብቷቸዋል። ጀጎል በ1998 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝገብ ላይ ሲሰፍር እኔ ገና ስለ ግንብና ስለ በር ነበር የማስተምረው።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ፎቶ ካነሳችሁ ነገሩ ያለቀ ይመስላችኋል። ስልክ ባይኖር ጥሩ ነበር እላለሁ አንዳንዴ። ያን ቀን ስልክ ቢኖረኝ ግን የእማማን ድምፅ ቀድቼ በርጫዬም አያመልጠኝም ነበር።

ልጄ፣ ዛሬ ማታ ፋኖሱን አያትሽ እጅ ላይ አስቀምጪና ድምፃቸውን ቅጂ። የሣጥኑን ዋጋ አናጺ ጠይቄ እደውልልሻለሁ።