ሜዳሊያው በቀኝ ደረት ነው፣ መታወቂያው ግን እንዳይረሳ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። እናትሽ እዚህ እንግሊዝ አገር ዜግነት ካገኙ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በካውንስል (በአካባቢው ምክር ቤት) ምርጫ ድምፅ ሊሰጡ ነው። ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው፣ ዘማች የነበሩትን የአባትሽን ሜዳሊያ አድርገው መሄድ ፈልገዋል። ጎረቤት ደግሞ «የራስ ያልሆነ ሜዳሊያ ያሳስራል» ብሎ አስፈራራችሁ። በዚያ ላይ የምርጫ ጣቢያችሁ ከትምህርት ቤቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተዛውሯል። «ይሄስ ሕጋዊ ነው ወይ?» ብለሻል።

ጠበቃ አይደለሁም። ግን አራት ምርጫ ላይ ፖል ክለርክ ሆኜ ሠርቻለሁ። ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ስም ከመዝገብ እየፈለገ ወረቀት የሚሰጠው ሰው ማለት ነው። የሜዳሊያውን ነገር ደግሞ በራሴ ጥፋት ነው የተማርኩት፤ እሱን ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

ከአዳራሹ ልጀምር። ሕጋዊ ነው። ሰፈሩን በምርጫ ጣቢያ የሚከፋፍለውና ድምፅ የሚሰጥበትን ቦታ የሚወስነው ካውንስሉ ነው። ቢያንስ በየ5 ዓመቱ ቦታዎቹን በሙሉ ከልሶ የሕዝብ አስተያየት መቀበል ግዴታው ነው። የመጨረሻው ዙር እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2023 እስከ ጥር 2025 ነበር። ብዙ ሰው «ሳንጠየቅ ተቀየረብን» ይላል። ተጠይቀናል እኮ፤ ማስታወቂያውን ያነበበ የለም እንጂ። እኔም ራሴ አላነበብኩም ነበር።

ትምህርት ቤቶች ለምን ተተዉ? ሕጉ የመንግሥት ገንዘብ የሚያገኝ ትምህርት ቤት ክፍሉን ለምርጫ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ካውንስሉ የሚከፍለው የማሞቂያ፣ የመብራትና የመሳሰለውን ወጪ ብቻ ነው። ስለዚህ ለካውንስሉ ርካሽ ነው። ለወላጅ ግን ውድ ነው። ሐሙስ ቀን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅ የት ይዋል? እኔ የሠራሁበት አንድ ትምህርት ቤት በር ላይ አንዲት እናት ሁለት ልጅ ይዛ ቆማ፣ «ድምፄን ልስጥ ወይስ ሥራዬን ልልቀቅ?» ብላ የጮኸችው አይረሳኝም። በሚቀጥለው ምርጫ ጣቢያው ወደ አንድ ማኅበር አዳራሽ ሄደ። የእናንተም ሳይሆን አይቀርም።

የቤተ ክርስቲያን መሆኑ እናትሽን ካሳሰባቸው፣ የሚገቡት አዳራሹ ውስጥ ነው፤ ቅዳሴ የለም። ሻይና ብስኩት የሚያድሉበት፣ ሕፃናት የሚጫወቱበት ክፍል ነው። እዚህ አገር መጠጥ ቤት ውስጥም ድምፅ ይሰጣል። ሆቭ ከተማ ውስጥ አሮጌ የንፋስ ወፍጮ፣ ኦክስፎርድ ውስጥ ደግሞ የልብስ ማጠቢያ ሱቅ የምርጫ ጣቢያ ሆነው አገልግለዋል። ዋናው ጥያቄ ደረጃ አለው ወይ፣ ለዊልቸር ይመቻል ወይ፣ አውቶቡስ አጠገቡ ይቆማል ወይ የሚለው ነው። የእናትሽ ጉልበት የማይችለው ደረጃ ካለ አሁኑኑ ለካውንስሉ የምርጫ ክፍል ደውይ። ካውንስሉ ከልሶ የወሰነው ቦታ በእውነት የማይመች ከሆነ ደግሞ 30 መራጮች ተሰባስበው ለምርጫ ኮሚሽን አቤት ማለት ይችላሉ። ለዘንድሮው አይደርስም፤ ግን መንገዱ አለ።

አንድ ነገር አደራ። የሚመረጠው ፖል ካርዱ (ከምርጫው በፊት ቤት የሚላከው ካርድ) ላይ በተጻፈው ጣቢያ ብቻ ነው። ቅርብ ነው ብሎ ሌላ ጣቢያ መሄድ አይሠራም። 40 ደቂቃ ተሰልፎ መጥቶ ስሙ መዝገባችን ላይ ያጣሁበት ሰው ነበር። የሱ ጣቢያ ሁለት መንገድ አልፎ ነበር። ፊቱን ባየሽው! ካርዱን ግን ይዞ መሄድ ግዴታ አይደለም። ቢጠፋም ድምፅ ይሰጣል።

ግዴታው መታወቂያው ነው። እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2023 ጀምሮ እንግሊዝ ውስጥ በካውንስል ምርጫ ፎቶ ያለበት መታወቂያ ሳያሳዩ ወረቀት አይሰጥም። የእንግሊዝ ፓስፖርት ይሆናል። መንጃ ፈቃድ ይሆናል። የአረጋውያን የአውቶቡስ ፓስ ይሆናል፤ ለንደን ከሆናችሁ ፍሪደም ፓስ ማለት ነው። የወጣቶቹ የለንደን የጉዞ ካርድ፣ ኦይስተር፣ ግን አይሆንም። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፤ እኔም ይገርመኛል። ጊዜው ያለፈበት መታወቂያም ፎቶው እስከመሰላቸው ድረስ ይሠራል። ምንም ከሌላቸው ካውንስሉ በነፃ የሚያወጣው የመራጭ ሰርተፍኬት አለ። ማመልከቻው ከምርጫው ቀን 6 የሥራ ቀን ቀደም ብሎ መግባት አለበት።

እኛ አበሾች ላይ የሚመጣው ጣጣ የስም ነው። የአባት ስም፣ የአያት ስም፣ በዚያ ላይ የፊደሉ ነገር። አንድ ጊዜ አንዲት ጽጌ የሚባሉ እናት መጡ። ፓስፖርታቸው ላይ ስማቸው የሚጀምረው በ«ቲኤስ» ነው፤ መዝገቡ ላይ በ«ቲ» ብቻ። አጠገቤ የነበረችው ልጅ ግራ ገባት። የጣቢያው ኃላፊ አየት አደረገና «የፊደል ልዩነት ነው፣ ሰውየዋ እሳቸው ናቸው» ብሎ አሳለፋቸው። ውሳኔው የኃላፊው ነው። ግን ስሙ ጭራሽ የተለየ ከሆነ፣ ለምሳሌ መዝገቡ ላይ በባል ስም ከሆኑ፣ ልዩነቱን የሚያስረዳ ወረቀት ይያዙ። የጋብቻ ሰርተፍኬት ይበቃል።

በነገራችን ላይ ጥያቄሽ ስር «እኔ የኢትዮጵያ ፓስፖርት ነው ያለኝ፣ መምረጥ እችላለሁ?» ያለው ልጅ፦ እንግሊዝ ውስጥ አትችልም። ስኮትላንድና ዌልስ ግን በሕጋዊ መንገድ የሚኖር የውጭ ዜጋ የካውንስል ምርጫ ላይ ድምፅ ይሰጣል። ተመዝገብ።

በሩ ላይ የፓርቲ ጥብጣብ ያደረጉ ሰዎች ተቀምጠው የመራጭ ቁጥር ሊጠይቁ ይችላሉ። የካውንስሉ ሠራተኞች አይደሉም። አልነግርም ማለት መብት ነው፤ ብዙ እናቶች ግን ፈርተው ይናገራሉ። እናትሽ ማንበብ የሚቸግራቸው ከሆነ ወይም ዓይናቸው ከደከመ፣ 18 ዓመት የሞላው ሰው አብሯቸው ገብቶ ሊረዳቸው ይችላል። አንቺ ከሆንሽ አንድ ፎርም ትፈርሚያለሽ፣ አለቀ። ጣቢያው በፈረንጆቹ ሰዓት ከጠዋቱ 7 እስከ ምሽቱ 10 ሰዓት ክፍት ነው። ሲከፈት የሚሄዱ ከሆነ ደስ የሚል ነገር ያያሉ። ኃላፊው ድምፅ መስጠት ከመጀመሩ በፊት ባዶውን ሳጥን ገልብጦ ለቆመው ሰው ያሳያል፣ ከዚያ ያሽገዋል። እኔ ሁልጊዜ ያንን ነው የምወደው።

አሁን ወደ ሜዳሊያው።

ከዓመታት በፊት፣ ኅዳር አካባቢ፣ የጦርነት ሙታን መታሰቢያ እሑድ ነው። የአጎቴን የኮሪያ ሜዳሊያ ኮቴ ላይ በግራ በኩል አድርጌ ሐውልቱ ጋ ሄድኩ። አጎቴ ቃኘው ነበር። ያንን ሰማያዊና ነጭ ሰንበር ያለውን የተባበሩት መንግሥታት ሜዳሊያ ታውቂዋለሽ፣ የአባትሽም እሱ ይሆናል። የአበባ ጉንጉኑ ከተቀመጠ በኋላ ቤሬ ቆብ ያደረጉ ሽማግሌ ቀረብ ብለው በቀስታ «ኮሪያ ነበርክ?» አሉኝ። እኔ የተወለድኩት ጦርነቱ ካለቀ ከ15 ዓመት በኋላ ነው! አይ፣ የአጎቴ ነው አልኳቸው። ሳቁ። «እንግዲያው በቀኝ አድርገው» አሉኝ። በግራ የሚያደርገው ራሱ የተሸለመው ሰው ነው፤ ቤተሰብ በቀኝ ነው። እዚያው ቆመው በራሳቸው እጅ ፈትተው አዛወሩልኝ። እሳቸውም ያው ሜዳሊያ ነበራቸው። የሳቸው በእንግሊዝኛ፣ የአጎቴ በአማርኛ። ሜዳሊያው ለየአገሩ ወታደር በየቋንቋው ነበርና የተሠራው፤ አማርኛ አንዱ ነው። ሽማግሌው ፊደሉን በጣታቸው እየዳሰሱ «ይሄ ምን ይላል?» ብለው አስነበቡኝ። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዘን ቆየን።

ስለዚህ እናትሽ በቀኝ ደረታቸው ያድርጉ። ይሄ በሕግ የተጻፈ ነገር አይደለም፤ የቆየ ልማድ ነው። ግን እዚህ አገር ልማዱን የሚጠብቁት ሰዎች ከፖሊስ ይብሳሉ።

ጎረቤትሽ ከየት አመጣው ካልሽ፣ ጭራሽ ከባዶ አይደለም። ድሮ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፣ በ1955ቱ የጦር ሠራዊት ሕግ፣ ያልተሸለሙትን ሜዳሊያ ማድረግ ወንጀል ነበር። ያ ሕግ በ2006ቱ ተተክቶ እ.ኤ.አ. በ2009 ሥራ ላይ ሲውል ይሄ ክፍል ቀረ። በ2016 አንድ የፓርላማ አባል ወንጀልነቱን ሊመልሰው ረቂቅ አቅርቦ ነበር፤ የ2017ቱ ምርጫ ተጠርቶ ፓርላማው ሲበተን ረቂቁም አብሮ ሞተ። ዛሬ የሚያስጠይቀው በሜዳሊያ ጀግና መስሎ ገንዘብ ወይም ጥቅም ማግኘት ነው። እሱ ማጭበርበር ነው። የባልን ሜዳሊያ በክብር ማድረግ ግን ማንንም አያስጠይቅም።

«የውጭ ሜዳሊያ የንጉሡ ፈቃድ ያስፈልገዋል» የሚልም ትሰሚ ይሆናል። እሱ የእንግሊዝ ዜጋ ሆኖ ራሱ ከውጭ መንግሥት ለሚሸለም ሰው ነው። እናትሽ ላይ አይደርስም።

ዩኒፎርም ላይ ግን ተጠንቀቁ። ልጅሽ የወታደር ልብስ ልልበስ ይላል ብለሻል። የ1894 ሕግ አሁንም አለ፤ ወታደር ያልሆነ ሰው የእንግሊዝን ሠራዊት ዩኒፎርም ያለ ፈቃድ መልበስ አይችልም። የ1936ቱ ሕግ ደግሞ የፖለቲካ ድርጅት አባልነትን የሚያሳይ ዩኒፎርም በአደባባይ መልበስን ይከለክላል። የቃኘው ልብስ እዚህ ውስጥ አይገባም ብለሽ ትከራከሪ ይሆናል፤ ልክ ነሽ። ግን ጠዋት የምርጫ ጣቢያ በር ላይ ከሰው ጋር መከራከር ምን ያደርጋል? ልጁ ሱፍ ይልበስ።

ጣቢያው ውስጥስ ሜዳሊያ ይፈቀዳል? እኔ በሠራሁባቸው አራት ምርጫዎች ሜዳሊያ አድርገው የመጡ ሽማግሌዎች አይቻለሁ። አንዴ አንድ መራጭ «ይሄ ቅስቀሳ ነው» ብሎ አጉረመረመ። ኃላፊው ቀና እንኳ አላለም። «የፓርቲ አርማ አይደለም» አለና ወደ ሥራው ተመለሰ። ፎቶ ማንሳት ከፈለጋችሁ ግን ውጭ፣ «የምርጫ ጣቢያ» የሚለው ምልክት ስር። ውስጥ ፎቶ አይወደድም፤ የሌላ ሰው ወረቀት ከገባበት ደግሞ ጣጣ ያመጣል።

የመጨረሻው፦ ሜዳሊያውን ከመውጣታችሁ በፊት በብራሶ (በብረት ማጽጃው) አትፈትጉት፤ ጽሑፉ ይጠፋል። ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል። ነጠላ ላይም አትሰኩት። ከባድ ነው፣ ይቀደዳል። ኮት ወይም ሹራብ ላይ ይሁንና ነጠላውን በግራ ትከሻ ብቻ ይጣሉት፤ አለበለዚያ ሸፍኖት ይውላል።