አርባ ምንጭ ለምትሄዱ ጓደኛሞች፦ ዓሣው ታች ነው፣ ቆጮው ላይ

«አምስት ጓደኛሞች ነን፣ ከአዲስ አበባ ተነስተን ለአራት ቀን አርባ ምንጭ ልንሄድ ነው፤ ምን እንብላ፣ ምን እንጠጣ፣ የቱን እንይ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ። ከጓደኞቼ ጋር ደጋግመን የሄድንበት አገር ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ። ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር። አርባ ምንጭ ማለት ሐይቅና አዞ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ብዙ ሰው ጀልባ ተሳፍሮ፣ ዓሣ በልቶ፣ ፎቶ ተነስቶ ይመለሳል። ከተማው ያለው 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከበላዩ ያለው ጨንቻ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ። በመሃላቸው ያለው መንገድ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ታች ማንጎና ሙዝ፣ ላይ እንሰትና ገብስ። ጠዋት በላብ ተጠምቃችሁ ትወጡና ከሰዓት ጋቢ ትፈልጋላችሁ። ምግቡም መጠጡም አብሮ ይለወጣል። ስለዚህ ቀኖቻችሁን ለቆላውና ለደጋው አካፍሏቸው፣ ሁሉንም ታች አትጨርሱት።

መንገዱን በቡታጅራ በኩል አድርጉት። በመኪና የምትሄዱ ከሆነ ሙሉ ቀን ያዙለት፣ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጢያ ላይ ውረዱ። ትክል ድንጋዮቹ ከመንገዱ ብዙም አይርቁም፣ ሰይፍ የተቀረጸባቸውን አይታችሁ ትቀጥላላችሁ። ዩኔስኮ በ1980 እ.ኤ.አ. የመዘገባቸው ናቸው፣ ሆኖም በአጠገባቸው ዝም ብሎ የሚያልፈው መኪና ብዛት ያሳዝነኛል። ቡታጅራ ክትፎ በቆጮና በአይብ። ወላይታ ሶዶ ስትደርሱ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ካለ መካከላችሁ እዚያ ይብላ። የወላይታ ሥጋ ዝናው በከንቱ አይደለም፣ ዋናው ግን አብሮት የሚቀርበው ዳጣ ነው። ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ቅመም አብሮ የተፈጨ ነው፤ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ከዚያ ያለሱ መብላት ያቅታል።

አርባ ምንጭ ስትገቡ የመጀመሪያው ምሽት ለዓሣ ነው። ትልልቅ ሆቴሎቹ እይታቸው ግሩም ነው፣ አንድ ጊዜ ማኪያቶ ወይም ቢራ ይዛችሁ ከላይ ቁጭ በሉ። አባያ ደፍርሶ ቀላ ይላል፣ ጫሞ ሰማያዊ ነው፤ ሁለቱን የሚለየው ሸንተረር የእግዜር ድልድይ ይባላል። አባያ በስፋት ከጣና ቀጥሎ ያለ ሐይቅ ነው፣ ከላይ ሲታይ ማለቂያ የለውም። ለዓሣው ግን ወደ ከተማው ውረዱ፣ የአገሬው ሰው ወደሚበላባቸው ዓሣ ቤቶች። ጉላሹም፣ ለብለቡም፣ ዱለቱም ጥሩ ነው። እኔ የምለምናችሁ ሙሉውን ጥብስ እንድታዙ ነው። ዓሣው ከግራና ቀኝ በቢላ በጣም ተበጣጥቶ ነው ዘይት ውስጥ የሚገባው፣ ስለዚህ ሲወጣ ሥጋው ከአጥንቱ ብድግ ብድግ ብሎ ይቆማል፤ በሁለት ጣት ሳብ ስታደርጉት ጫፉ ኩርሽም ይላል፣ ውስጡ ነጭና ለስላሳ ነው። ሎሚ ጨምቁበት፣ ዳጣ አስነኩት፣ በቃ። ለአምስት ሰው አምስት አትዘዙ፣ መጠኑን አይታችሁ ጨምሩ። በጾም ከሄዳችሁ ዓሣ ፈላጊው ስለሚበዛ ከመምሸቱ በፊት ድረሱ።

በማግስቱ ጠዋት ጫሞ። በጠዋት የምለው በምክንያት ነው፤ ከሰዓት ንፋስ ይነሳና ማዕበሉ ጀልባውን ያንገላታዋል። አዞዎቹም ፀሐይ ለመሞቅ ዳር ወጥተው የሚጋደሙት ያኔ ነው። የአዞ ገበያ የሚባለው እዚያ ነው። ጉማሬም ታያላችሁ፣ ዓሣ አጥማጆችም በእንጨት ታንኳ ከአዞው ብዙ ሳይርቁ መረባቸውን ሲጎትቱ ታያላችሁ። እኔን ከአዞው በላይ የገረሙኝ እነሱ ናቸው። አንድ ማሳሰቢያ፦ ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ጨርሱ፣ በሰው ነው በጀልባ የሚለውንም ጠይቁ። አንዴ እኛን ውሃው መሃል ከደረስን በኋላ «የተስማማነው ለአጭሩ ጉዞ ነው» ብለውን ተጨቃጭቀናል።

ከሰዓት ወደ ምንጮቹ። ከተማው ስሙን ያገኘባቸው ምንጮች ከገደሉ ሥር፣ በነጭ ሳር ፓርክ ጫካ ውስጥ ናቸው፤ ዛፉ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ጥላው ያሳርፋል፣ ጉሬዛ ከላይ ይዘላል። የሜዳ አህያ ያለበት የፓርኩ ሜዳ ግን መንገዱ ከባድ ነው፣ ጠንካራ መኪና ከሌላችሁ በዚህ ጉዞ እለፉት።

እራት ላይ ፎሴሴ ፈልጉ። ሽፈራውን፣ እዚያ ሃለኮ የሚሉትን ቅጠል፣ ከበቆሎ ጋር የሚሠሩት የጋሞ ምግብ ነው። ሆቴል ሜኑ ላይ ላታገኙት ትችላላችሁ፤ የከተማውን ልጅ ጠይቁ፣ ይወስዳችኋል።

ሦስተኛው ቀን የእኔ ቀን ነው። ዶርዜ፣ ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ ላይ ያለው የደጋ መንደር። እዚያው እደሩ ብዬ አጥብቄ እለምናችኋለሁ፣ ደርሶ መልስ ማድረግ ያስቆጫል። ዶርዜ ሰኞና ሐሙስ፣ ጨንቻ ማክሰኞና ቅዳሜ ገበያ ነው፤ ከተቻለ ቀናችሁን በዚያ አስተካክሉ። ቤቱን በፎቶ አይታችሁት ይሆናል፣ የዝሆን ፊት የሚመስለውን። ከቀርከሃ የተሠራ ነው። ሥሩን ምስጥ እየበላው ከዓመት ዓመት ያጥራል፣ ባለቤቶቹም የተበላውን ቆርጠው፣ ሲያስፈልግ ቤቱን ብድግ አድርገው ሌላ ቦታ ይተክሉታል። የቤቱን ዕድሜ ከቁመቱ መገመት ይቻላል ማለት ነው።

ቆጮ ሲሠራ ቁጭ ብላችሁ እዩ። እናቶች የእንሰቱን ግንድ ጣውላ ላይ አጋድመው በቀርከሃ ይፍቁታል፣ የተፋቀውን በቅጠሉ ጠቅልለው ጉድጓድ ውስጥ ይቀብሩታል፣ ለወራት ይብላላል። ከዚያ ቃጫው እስኪጠፋ ተከትክቶ፣ በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ምጣድ ላይ ይጋገራል። ትኩሱን በማርና በዳጣ ያቀርቡላችኋል። አንዱን ጉርሻ በማር፣ አንዱን በዳጣ። አዲስ አበባ ከክትፎ ጋር የምንበላው ቆጮ ከዚህ ጋር አይወዳደርም።

መጠጡ አረቄ ነው፣ ቦርዴም አለ። ቦርዴው ወፍራም ነው፣ ይመገባል፤ አረቄው ግን ብርዱን ተማምናችሁ አትድፈሩት፣ ጠዋት ቁልቁል የሚነዳው ሰው ጭራሽ አይቅመስ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው።

ሽመናውንም እዩ። ሴቶቹ ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። ሽሮ ሜዳ የምንገዛውን ጥለት የሚሠሩት አብዛኞቹ ሸማኔዎች ከዚህ ተራራ የወረዱ ናቸው። ጋቢ ወይም ቡልኮ የምትገዙ ከሆነ ከሸማኔው እጅ ግዙ፣ ዋጋ ስትከራከሩ ደግሞ አታክርሩ፣ የስንት ቀን ሥራ እንደሆነ አይታችኋል። የአገሩ ሽማግሌዎች ባሉበት ፎቶ ከማንሳት በፊት ጠይቁ። በመስከረም 2011 ዓ.ም. አርባ ምንጭ ላይ ለብጥብጥ የወጣውን ወጣት ለምለም ሣር ይዘው ተንበርክከው የመለሱት የጋሞ አባቶች ናቸው፤ እኔ ባየኋቸው ቁጥር ከመቀመጫዬ እነሳለሁ።

ኮንሶን ጠይቀሻል። 90 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ እርከኑና በድንጋይ የታጠሩት መንደሮቹ በ2011 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ላይ የተመዘገቡ ናቸው፣ ጨቃ የሚባል መጠጣቸውም አለ። በአራት ቀን ግን ከዶርዜ አንዱን መምረጥ ይኖርባችኋል፣ እኔ ዶርዜን እላለሁ። አምስተኛ ቀን ካገኛችሁ የመንገዱን ሁኔታ እዚያው ጠይቃችሁ ሂዱ።

ሙዝና ማንጎውን ስትገቡ ሳይሆን ስትወጡ ግዙ። በሙቀቱ መኪና ውስጥ ሁለት ቀን ከዋለ አዲስ አበባ የሚደርሰው ጭማቂ ነው። ሙዙን ጥሬውን ምረጡ፣ ቤት ይበስላል።